ዘንባባው የማን ነው?

ይድረስ ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በግቢያችን 14 ትላልቅ ዘንባባዎች ነበሩ። ዛሬ የቀሩት 11 ናቸው። ሦስቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተዋል። ከሦስቱ አንደኛው ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ሌሊት አናቱ ተገንጥሎ በልጆች መጫወቻው አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ወደቀ። ሌሊት ስለነበረ ሰው አልተነካም። ወንበሩ ግን እንደተሰበረ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ ያላየ ሄዶ ይመልከት። ልጆች ከትምህርት ቤት በተመለሱበት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበረ፣ ልጅ ያለው ሁሉ ራሱ ያስበው።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠርቷል። በሁለቱም ብዙ ተወራ፣ ብዙ ተጮኸ፣ ምንም ሳይወሰን ሻይ ተጠጥቶ ተበተነ። አንዱ «የበረሃ ዛፍ ነው፣ ምንም አይፈልግም» አለ። ሌላው «መላጨት ብቻ ነው» አለ። ሦስተኛው «የዒሪያው ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን» አለ። አራተኛው «ሁሉንም ቆርጠን ሲሚንቶ እናፍስበት» አለ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም ማለት ስለማይገባ፣ የማኅበሩን አቋም በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ እናስቀምጣለን። አቋማችንም አንድ ነው። ዘንባባው የጋራችን ነው፤ የጋራ ዛፍ ደግሞ ተንከባካቢ ካጣ ጌጥነቱ ቀርቶ አደጋ ይሆናል። ወይ አብረን እንንከባከበው፣ ወይ በሥርዓቱ እናንሣው። ተክሎ መርሳት ግን ከእንግዲህ ይብቃ!

ገዳዩ ማን ነው?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ዘንባባዎቹን የገደላቸውን እንወቅ። «የውሃ ጥም ነው» ያሉ አሉ፤ «የባሕሩ ጨው ነው» ያሉም አሉ። ይባስ ብሎ «ሰው በክፋት መርዝ አፈሰሰበት» እየተባለ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ጣት እስከ መቀሰር ተደርሷል። ኧረ ተዉ! ገዳዩ ሰው አይደለም፣ ነቀዝ ነው።

ነቀዝ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገር ቤት ጎተራ ውስጥ ገብቶ ማሽላውንና በቆሎውን ወንፊት የሚያደርገውን ያን አፍንጫ ረጅም ተባይ የማያውቅ የለም። ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ የዚያ ዘመድ ነው። የጎተራው ነቀዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ይኸኛው 3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። መልኩ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ክንፍ አለው፣ ሩቅም ይበራል።

የመጣው ከእስያ ሞቃት አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች ገባ፤ በ1990ዎቹ ግብፅና እስፓኝ ደረሰ። ይህን ሁሉ መንገድ በክንፉ ብቻ አልሄደውም። ሰው ለጌጥ ብሎ ያደገ ዘንባባ ከአገር ወደ አገር በመርከብና በመኪና ሲሸጥ፣ ትሉን በግንዱ ውስጥ እንደተደበቀ ይዞት ሄደ። ወደ እስራኤል ሲገባ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1999 በሙት ባሕር አካባቢ ባሉት የተምር እርሻዎች ነው። እዚያ ያሉት ገበሬዎች ተምሩ እንጀራቸው ስለሆነ በማጥመጃና በመድኃኒት ተረባርበው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በሰሜን በናሃሪያ በኩል በጌጥ ዘንባባዎች ላይ ብቅ አለ፤ ከዚያም የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ፣ እኛም ዘንድ ደረሰ።

ወገኖች፣ ይኸን ልዩነት ልብ በሉ። ነቀዙ አንድ ነው። የእርሻውን ዘንባባ ባለቤቱ ቆመለት፣ ተረፈ። በየጎዳናውና በየግቢው ያለው የጌጥ ዘንባባ ግን ብዙው ጠባቂ ስላልነበረው አለቀ። የዛሬው ጽሑፋችን ጠቅላላ ቁም ነገር ይኸው ነው።

በግቢያችን ከቀሩት 11 መካከል 8ቱ የካናሪ ዘንባባ የሚባሉት ናቸው። ዘራቸው የእስፓኝ ከሆኑት የካናሪ ደሴቶች ነው። ግንዳቸው ወፍራም፣ አናታቸው ሰፊ፣ ዝንጣፊያቸው ከሥሩ በረጃጅም እሾህ የታጠረ ነው። በዚህ በባሕር ዳርቻው አገር ነቀዙ ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው ይኸንኑ ዓይነት ነው። ሴቲቱ በዝንጣፊዎቹ ሥር፣ በተለይም ቁስል ባገኘችበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል እግር የለውም፤ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ሥራውም መብላት ብቻ ነው። በሙቀት ወራት በ3 እና በ4 ወር ውስጥ እሱም በተራው ነቀዝ ሆኖ ይወጣል።

ይኸ ዓይነቱ ዘንባባ እንደ ዋርካ አይደለም። ዋርካ ቅርንጫፉ ቢቆረጥ በሌላ በኩል ያቆጠቁጣል። የካናሪ ዘንባባ የሚያድግበት ልብ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአናቱ መካከል ነው። ልቡ ከተበላ ሌላ ልብ የለውም። ግንዱም ቢቆስል ቁስሉ አይገጥምም፣ ጠባሳው ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ከሁሉ የሚከፋው ትሉ ውስጥ ውስጡን መብላቱ ነው፤ ከውጭ አረንጓዴ መስሎ የቆመው ዛፍ አናቱ ከግንዱ ጋር የተያያዘው በጥቂት ቃጫ ብቻ ሊሆን ይችላል። አግዳሚውን የሰበረው ዘንባባ ከሦስት ሳምንት በፊት «ደህና ነው» ተብሎ የታለፈ ነበር።

ስለዚህ ምልክቱን ትልቅም ትንሽም ይወቀው። በመካከል ያሉት ለጋ ዝንጣፊዎች ያዘነበሉ ወይም የደረቁ እንደሆነ፤ አናቱ ወደ አንድ ወገን ከተጋደመ ወይም እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ከጠፈጠፈ፤ የአዲሶቹ ቅጠሎች ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ከታየ፤ ከግንዱ ቡናማ ፈሳሽ ወይም የታኘከ ቃጫ ከወጣ፤ በዚያው ቀን ለማኅበሩ ይነገር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንጂ፣ አናቱ ከወደቀ በኋላ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«የበረሃ ዛፍ ነው፣ ምንም አይፈልግም»

አሁን ወደ ነዋሪዎቹ አባባል እንመለስ። ዘንባባ የበረሃ ዛፍ ነው የሚሉ ሰዎች በረሃውን አላዩትም። ተምር በበረሃ የሚበቅለው ምንጭ ባለበት፣ ሥሩ ከውሃ በሚደርስበት ቦታ ነው። ዐረቦች ራሳቸው ተምር እግሩ ውሃ ውስጥ፣ ራሱ እሳት ውስጥ መሆን ይወዳል ይላሉ።

እዚህ የኛ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ለብቻው ነው። ክረምቱ ለስላሳ ነው፣ ውርጭ ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ዘንባባ ይኖራል። አፈሩ ግን አሸዋ ነው። ውሃም ማዳበሪያም አይዝም፤ ያፈሰስንበት ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል። በአገር ቤት ክረምት ስንል ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል፣ የተከለ ሰው እጁን ታጥቦ ይገባል። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ በብርዱ ወራት ይመጣል፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጠብታ አይወርድም። በአገር ቤቱ ልማድ በሐምሌ ተክለው ሰማይ ሰማይ ያዩ ሰዎች ተክላቸው በሁለት ሳምንት ደርቆባቸዋል። አዲስ የተተከለ ዘንባባ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች በጠብታ ቧንቧ መጠጣት አለበት። ያደገውም ቢሆን በሙቀቱ ወራት አልፎ አልፎ በደንብ ሊጠጣ ይገባዋል።

የመትከያውም ጊዜ ይታወቅ። በቱ ቢሽቫት ሁሉም ዛፍ ሲተክል የኛም ሰው ዘንባባ ይዞ ይወጣል። ለሌላው ዛፍ መልካም ነው። የዘንባባ ሥር ግን የሚያድገው አፈሩ ሲሞቅ ነው፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ የቆመ ችግኝ ሥሩ ይበሰብሳል። ዘንባባ የሚተከለው ከፋሲካ በኋላ፣ እስከ ሻቩዖት ባለው ጊዜ ነው።

«መላጨት ብቻ ነው»

ይኸኛው አባባል ከሁሉ የበለጠ ጉዳት አድርሷል፤ ምክንያቱም ሥራ የተሠራ ስለሚያስመስል ነው። በየዓመቱ በጸደይ መሰላልና መጋዝ የያዘ ሰው ይመጣል፣ ከየቤቱ ጥቂት ሸቀል ይሰበስባል፣ ዘንባባውን ከላይ ሦስት አራት ዝንጣፊ አስቀርቶ እንደ አናናስ ልጦት ይሄዳል። ነዋሪውም «እሰይ፣ ጸዳ!» ይላል። የጸዳው የዘንባባው ዕድሜ ነው!

አንደኛ፣ አረንጓዴ ዝንጣፊ የዘንባባው እንጀራ ነው። ፀሐይን ወደ ምግብ የሚለውጠው እሱ ነው፤ እሱን ቆርጦ ዛፉን ማሳመር አይቻልም። ሁለተኛ፣ አሸዋማ አፈር ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን አያቆይም፤ ዘንባባው ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየሳበ ለአዲሱ ይሰጣል። ያ ቢጫ እየሆነ የሄደው የታችኛው ቅጠል ስንቅ ያለበት ጎተራ ነው። ቢጫ አየን ብለን ስንቆርጠው ጎተራውን ከነእህሉ አቃጠልነው ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ወር ቢጫው ወደ ላይኛው ረድፍ ይወጣል። መድኃኒቱ መጋዝ ሳይሆን ለዘንባባ የተዘጋጀ ማዳበሪያ ነው። ሦስተኛ፣ ትኩስ ቁስል ይሸታል። ነቀዙ ያንን ሽታ ከሩቅ ተከትሎ ይመጣል። መጋዝ የያዘው ሰው በጸደይ ሲልጭ፣ ነቀዙ በብዛት በሚበርበት ወራት ድግስ ጠራለት ማለት ነው።

ታዲያ አይቆረጥ ወይ? ይቆረጣል፣ በደንቡ። የደረቀው ብቻ ይቆረጣል። የግድግዳ ሰዓት አስቡ፤ በ9 ቁጥርና በ3 ቁጥር መካከል አግድም መስመር ቢሰመር፣ ከመስመሩ በላይ ያለ ዝንጣፊ አይነካም። ጊዜው ከሐኑካ እስከ ቱ ቢሽቫት ባለው ብርድ ነው፤ ነቀዙ ያኔ እምብዛም አይበርም። የቆረጠውም ሰው መጋዙን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከመውሰዱ በፊት ያጽዳ፤ ቁስሉንም መድኃኒት ያስነካው። የካናሪው እሾህ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ጣት መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ያሳብጣል፣ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። ልጆች የወደቀ ዝንጣፊ ይዘው እንዳይጫወቱ።

ከቀሩት 3ቱ ረጃጅሞች ዋሺንግቶኒያ ይባላሉ፤ ዘራቸው ከካሊፎርኒያና ከሜክሲኮ ነው። እነሱን ነቀዙ ያን ያህል አያጠቃቸውም። ሌላ ጣጣ ግን አላቸው። የደረቀው ቅጠላቸው ሳይወድቅ እንደ ቀሚስ በግንዱ ዙሪያ ይንጠለጠላል። በዚያ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ እሳት ከነካውም እንደ ችቦ ይነዳል። በላግ ባኦሜር ልጆች በየሜዳው እሳት ሲያነዱ አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። እነዚህ ቀሚሳቸው በየዓመቱ በብርዱ ወራት መቆረጥ አለበት።

ስለ ዳስ በዓል አንድ ቃል። በየዓመቱ በሱኮት ዋዜማ ለዳሱ ጣራ እየተባለ ከግቢያችን ዘንባባ አረንጓዴ ዝንጣፊ ይቆረጣል፤ ዓምና ከመካከሉ ያልተከፈተውን ለጋ እንኳ የቆረጠ ሰው ነበር። በዓሉን ማክበር ደስ ይለናል፣ ዳሱም ይሠራ። ነገር ግን ያ ለጋ የዛፉ ልብ ነው፤ ጊዜውም ነቀዙ የሚበርበት ነው። የዳስ ጣራ በገበያ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ ሉላቩም በገበያ አለ። ከጋራ ዛፍ ሳያስፈቅዱ ቆርጦ በዓል ማክበር ለሽማግሌዎቻችንም አያስደስትም።

«የዒሪያው ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! መንገድ ዳር ያለው ዛፍ የዒሪያው ነው። ከአጥሩ በዚህ ወገን ያለው ግን የኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ፣ በጋራ ሕንፃ ውስጥ ግቢው፣ ደረጃው፣ ጣራው የባለ ቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት መሆኑንና ለጥገናውም እያንዳንዱ ባለ ቤት ድርሻውን መክፈል እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ዘንባባው ሰው ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ለመገመት ጠበቃ መሆን አያሻም።

«እኛ አልተከልነው፣ ኮንትራክተሩ ነው የተከለው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ እኛ አልተከልነውም። ሕንፃው ሲሸጥ ግቢው ሆቴል እንዲመስል ያደገ ዘንባባ በክሬን አምጥቶ ተከለ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ጌጡን ለእሱ፣ ዕዳውን ለእኛ ተወ። ይኸ ያናድዳል፤ እኛንም አናዶናል። ይሁን እንጂ መናደድ ነቀዝ አይገድልም። ቤቱን ስንገዛ ደረጃውንም አልሠራነውም፤ መብራቱ ሲቃጠል ግን እንቀይራለን።

ከገንዘቡ ጉዳይ እንሽሽ አንልም። የሞቱትን ሦስቱን አስቆርጦ፣ አድቅቆ፣ ትሉ እንዳይዛመት በደንቡ ለማስወገድ የወጣው ገንዘብ፣ ዛፎቹ በሕይወት እያሉ ለዓመታት ያሳክማቸው ነበር። ሕክምናውም አለ፤ ፈቃድ ያለው ባለ ሙያ በአናቱ ላይ ይረጫል ወይም በግንዱ ውስጥ መድኃኒት ያስገባል፤ ትሉን የሚበሉ ጥቃቅን ሌሎች ትሎችን በውሃ በጥብጦ የሚረጭበትም ዘዴ አለ። ግን አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀር አይደለም፤ በየጊዜው መደገም አለበት። ለዚህ ነው በአንድ ሰው ኪስ የማይሆነው። ራሳችሁ ከሱቅ መርዝ ገዝታችሁ መሰላል ላይ እንዳትወጡ አደራ፤ ከታች ሕፃናት አሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአራቱ ሕንፃዎች 96 ቤቶች አሉን፤ ስፋታቸውም እኩል ነው። ከየቤቱ በወር 10 ሸቀል ቢወጣ በወር 960፣ በዓመት 11,520 ሸቀል ይሆናል። አሥር ሸቀል ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። በጡረታ ብቻ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ቢከብዳቸው ሳይሳቀቁ ለማኅበሩ ይንገሩን፤ በስም ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ የለም።

«ሁሉንም ቆርጠን ሲሚንቶ እናፍስበት»

የዚህ አሳብ ባለቤቶች መኪና ማቆሚያ ይፈልጋሉ፤ በግልጽ ቢናገሩት ይሻላል። በመጀመሪያ፣ በዚህ አገር ትልቅ ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል። ጤነኛ ዛፍ «ለመኪናዬ» ተብሎ ፈቃድ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ሲሚንቶ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የምድር ቤት ነዋሪዎችን ጠይቁ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይተፋል። ሦስተኛ፣ በብርዱ ወራት የሚመጣው ዝናብ ዛሬ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲሚንቶ ከሆነ ወደ ምድር ቤቱ በር ይሄዳል። አራተኛ፣ ሽማግሌዎቻችን ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚውሉት ከደጅ የሚቀመጡበት ስፍራ ሲያጡ ነው። ያችን አግዳሚ ጠግነን መመለስ ነው እንጂ የሚሻለው፣ ቦታዋን ለመኪና መስጠት አይደለም።

ይኽም ሲባል ዘንባባ አምላኪዎች አይደለንም። ነቀዙ ልቡን የበላው ዛፍ ዕለቱን ፈቃድ ተጠይቆ ይውረድ፤ እያስታመሙ በልጆች ራስ ላይ ማቆየት ርኅራኄ አይባልም።

በሞቱት ቦታ ምን ይተከል?

በሞቱት ቦታ ሌላ የካናሪ ዘንባባ መትከል ለነቀዙ ሁለተኛ ማዕድ ማቅረብ ስለሆነ ማኅበሩ ይቃወማል። ቴሌቪዥን ላይ ያየነውን የኮኮናት ዘንባባ እንትከል የሚሉ ወጣቶችም አሉ። ኮኮናት ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ይፈልጋል፤ የኛ የጥር ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ይጎሳቆላል፣ ፍሬም አይሰጥም። ምኞቱ ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን አይደለም።

ይልቅስ መጫወቻው አጠገብ ጥላ የሚሰጥ ባለ ቅርንጫፍ ዛፍ ይተከል። ዘንባባ ያምራል እንጂ ጥላው ለአንድ አግዳሚ እንኳ አይበቃም። በአጥሩ ላይ ከደቡብ አሜሪካ የመጣችው ቡገንቪሊያ ትውጣ፤ ፀሐይ ትወዳለች፣ ከተላመደች በኋላ ውሃ ብዙ አትጠይቅም። በባሕሩ ወገን ግን ለስላሳ ቅጠል ያለው ተክል አይደረደር፤ ጨው ያዘለው ነፋስ ያቃጥለዋል። ከሕንፃው ጀርባ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ እናቶቻችን እንሰት ቢተክሉ ማኅበሩ ይደግፋል። ዳቦ የምንጋግርበት የኛው ኮባ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ አትክልት ቦታዎች የጌጥ ተክል ሆኖ ይተከላል፤ እኛ ዘንድ ጌጥም የዳቦ ቅጠልም ይሆናል። ጤና አዳሙና በሶብላውም ባለበት ይቆይ፤ «ግቢውን ገጠር አስመሰለው» የሚሉትን ማኅበሩ አይሰማም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በአጭር ግንድ ላይ እንደ ዘንባባ የሚዘረጋው ሲካስ የሚባለው ተክል ዘንባባ አይደለም፤ ቀዩ ፍሬው መርዝ ነው። ሕፃናት ባሉበት አይተከልም።

ምን ይደረግ?

ማኅበሩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ያቀርባል።

1ኛ፦ ከየቤቱ በወር 10 ሸቀል ለዛፎች ብቻ እንዲዋጣ፤ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ።

2ኛ፦ 8ቱ የካናሪ ዘንባባዎች ፈቃድ ባለው ባለ ሙያ እንዲመረመሩና ሕክምና እንዲጀመርላቸው፤ የማይድን ካለ በፈቃድ እንዲወርድ።

3ኛ፦ በብርዱ ወራት ካልሆነ በቀር ማንም ሰው በግቢው ዘንባባ ላይ መጋዝ እንዳያነሣ፤ መሰላል ይዞ ለሚመጣ ሰውም ገንዘብ እንዳይሰጥ።

4ኛ፦ ከየሕንፃው አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ተመርጠው በየወሩ ዛፎቹን እየዞሩ እንዲያዩ። የወጣቱ ዓይን ነው፣ የሽማግሌው ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው።

5ኛ፦ የተሰበረው አግዳሚ ተጠግኖ፣ ባለ ሙያው ቦታውን አይቶ ፍቃዱን እስኪሰጥ ድረስ ልጆች በዘንባባዎቹ ሥር እንዳይጫወቱ። ይኸኛው ስብሰባ አይጠብቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ ነው።

ስብሰባው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ማታ በሁለተኛው ሕንፃ ሚክላት ውስጥ ይሆናል። የምትቃወሙ ኑና ተቃወሙ፤ ግን አማራጭ ይዛችሁ ኑ። በቡና ላይ እየተናገሩ በስብሰባ ላይ ዝም ማለት፣ በስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ በመክፈያው ቀን በር መዝጋት፣ ሁለቱም ነቀዝ ነው፤ ውስጥ ውስጡን የሚበላ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ እኛ የተጠየቅነው አንበሳ አይደለም፣ 11 ዛፍ ነው።

የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው